መርዶ ነጋሪውና የተቀመጠው ፈረስ

ዘመድኩን ፊልም ላይ እስኪወጣ ድረስ፣ ማለዳ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየው ሰው ገና አንድ ቃል ሳይሰማ ጉልበቱ ይከዳው ነበር። ከሲያትል እስከ ታኮማ፣ ከዋይት ሴንተር እስከ ሬድመንድ፣ አገር ቤት ዘመድ የሞተበት ሐበሻ ሁሉ መርዶውን የሚሰማው ከእሱ አፍ ነው። እድሩ ሊቀመንበር አለው፤ ሀይለየሱስ ይባላል። ጸሐፊም አለው። መርዶ ነጋሪ የሚባል ሹመት ግን የለውም። ሰው ሲሞት ሁሉም እርስ በርሱ ይተያይና «ለዘመድኩን ይደወል» ይላል፤ በቃ፣ ሹመቱ ይኸው ነው።

እንጀራው የኤርፖርት ሸትል ነው። መንገደኛን ከነሻንጣው ከመኪና ማቆሚያ ወደ በረራው ሲያመላልስ ይውላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ እንኳ ያዘነ የሚመስል ሰው ነው። እዚህ አገር በመጣ ሰሞን የእናቱን ሞት የሰማው መሪ ጨብጦ ነው። የአጎቱ ልጅ ስልኩ ላይ መልእክት ትቶለት ኖሮ፣ ቀይ መብራት ላይ ከፍቶ ሰማው። «ዜሜ፣ እማማ አርፈዋል፣ አይዞህ፣ ሲመችህ ኮል አድርግልኝ።» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ የተሳፈሩት በረራ ሊያመልጠን ነው ብለው ይንጫጫሉ። ነዳ። ሻንጣቸውን አወረደላቸው፣ መልካም ጉዞ ተመኘላቸው፣ ተመልሶ ሌሎች ጫነ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ልዕልት «ምን ሆነሃል አንተ?» ስትለው ነው አፉ የተከፈተው። ለቅሶው ግን ያን ጊዜም አልወጣለትም፤ እንደ ደረቅ ጉርሻ ደረቱ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። እኔ እያለሁ ማንም ሰው መርዶ እንዲህ አይሰማም ብሎ ለራሱ የማለው ያኔ ነው።

መርዶ መናገር ሙያ አይደለም የሚል ካለ ዘመድኩንን አላየውም። በመጀመሪያ ፌስቡክን መቅደም አለበት፤ አገር ቤት ላሉት ይደውልና «እኛ ገብተን እስክንነግር ፎቶ እንዳትለጥፉ፣ ነፍስ ይማር እንዳትሉ» ብሎ ያስምላል። ሊነዳ ለተነሣ ሰው አይነገርም። ሌሊት ሠርቶ ለገባ ሰው ሳይተኛና እህል ሳይቀምስ አይነገርም። ቤት ሲገባ ምድጃው መጥፋቱን ያያል። ልጆች ካሉ አንዷ ሴት በዘዴ ታወጣቸዋለች። ከዚያ ጥቁር ባርኔጣውን ያወልቅና በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ሁልጊዜ በዚያችው ቃል ይጀምራል፦ «እስቲ ቁጭ በል፣ ወንድሜ።» ለሴትም «እስቲ ቁጭ በይ፣ እህቴ።» ሰው ሳይቀመጥ አይናገርም። ቆሞ የሰማ ሰው ይወድቃል፣ የወደቀበትን ወለል ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም ይላል።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ሌዊ የመጣው።

ሌዊን የማያውቅ የለም። አዲስ አበባ ላይ መድረክ ሲወጣ ገና ሳይናገር፣ ቅንድቡን ብቻ ሲሰቅል አዳራሹ የሚፈርስለት ቀልደኛ ነው። አሜሪካ የመጣው የካውቦይ ፊልም ሊሠራ ነው፤ በአማርኛ፣ ያውም ኮሜዲ። «ሸሪፍ ጎበዜ» ይባላል። ሽጉጥ ሲተኮስ የሚደነግጥ ጉረኛ የአራዳ ልጅ በስህተት የአንድ ምድረ በዳ ከተማ ሸሪፍ ይሆናል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ሰው ግን ታሪክ ብሎ አይደለም፣ ሌዊ ብሎ ነው የሚገባው። ማስታወቂያው ላይ ያለው የእሱ ፊት ብቻ ነው፤ ነጭ ባርኔጣ፣ ቀይ ያንገት ጨርቅ፣ ያ ቅንድብ። የሚቀርጸውና የሚያቀናብረው ናኦል የሚባል ሬድመንድ ሶፍትዌር የሚሠራ፣ ነፍሱ ግን ካሜራ ውስጥ ያለች ልጅ ነው።

ሌዊ ያረፈው ሀይለየሱስ ቤት ነበር። የሰዓቱ ለውጥ እንቅልፍ ነስቶት፣ አንድ ማለዳ የእድሩ ሰዎች ተክለ ጻድቅ ለሚባል የታክሲ ሾፌር የአባቱን መርዶ ሊነግሩ ሲወጡ አብሯቸው ሄደ። በር ላይ ቆሞ ዘመድኩንን አየ። ባርኔጣውን ሲያወልቅ፣ «እስቲ ቁጭ በል» ሲል፣ ሰውየውን ትከሻውን ይዞ ወደ ሶፋው ዝቅ ሲያደርገው አየ። የማያውቀውን ሰው አባት አለቀሰ፤ ከልቡ ነው ያለቀሰው፣ ይህን ማንም አይክደውም። ሲመለሱ መኪና ውስጥ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ እስከ ዛሬ የት ተደብቀው ነው የኖሩት?» አለ።

«ሸትል ላይ» አለ ዘመድኩን።

«ፊልሜ ላይ የሸሪፉ እናት ትሞታለች። የሚያረዳው ሰው አጥቼ ነበር።»

«ያንተ ፊልም ሳቅ አይደል እንዴ?»

«ሳቅ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ሰዉ ማልቀስ አለበት። ጨው የሌለው ወጥ ይጥማል እንዴ? ያቺ ጨው እርስዎ ነዎት።»

ልዕልት ስትሰማ «ባለቤቴ ካውቦይ ሊሆን ነው፣ በሉ እልል በሉ!» ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን ነገሩን ሌላ ቦታ አድርሶታል። ከፋሲካ በፊት አንዲት ልጅ ገበያ ተሰልፋ ሳለ ያባቷን ፎቶ ሻማ በርቶለት ስልኳ ላይ አይታ ነበር፤ ተሸክመው ነው ያወጧት። ልጆቹ መጽሐፍ አያነቡም፣ ሽማግሌም አይሰሙም፤ ሌዊን ግን ያያሉ። እንዴት እንደሚነገር አንድ ጊዜ በዓይናቸው ይዩት። «እኔም እኮ ነገ ሟች ነኝ» አላት። «ማን ይተካኛል?» በዚህ ተነሥቶ እሺ አለ።

ቀረጻው ከተራራው ወዲያ ነው። ስኖኳልሚ የሚባለውን የተራራ በር እስኪሻገሩ ድረስ ዝናቡ፣ ጥዱ፣ ጭጋጉ አለ፤ ሲሻገሩ ግን ሰማዩ ይከፈትና መሬቱ እንደ ገለባ ቢጫ ይሆናል። ኤለንስበርግ አጠገብ አንድ ፈረንጅ ገበሬ ግቢውን ሰጥቷቸው፣ በኮምፔንሳቶ የባንክና የመጠጥ ቤት ፊት አቁመዋል፤ በሩን ከፍተህ ስትገባ ከኋላው ሜዳ ነው። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሽፍታ ሆነዋል። የኤርፖርት ታክሲ ነጂዎች የመጠጥ ቤት ሰካራም ሆነው ከረፋዱ ጀምሮ በአፕል ጁስ ይንገዳገዳሉ። አንድ ሸምገል ያለ ቡላ ፈረስ አለ፤ ገበሬው ሲያፏጭለት እንደ ውሻ በኋላ እግሩ ቁጭ ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ፎቶ አብሮት ተነሣ። ዘመድኩንም «አንተ ጉደኛ» ብሎ በእጁ ካሮት አጉርሶታል።

የእሱ ተራ የደረሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ረጅም ጥቁር ካፖርት አለበሱት፤ ባርኔጣው የራሱ ነው። ሌዊ ግን የለም፤ ራሱን አሞት ሆቴል ገብቷል።

«ለማን ነው ታዲያ የምናገረው?» አለ ዘመድኩን።

«ጋሼ፣ እርስዎን ለብቻ ነው የምንቀርጽዎት። የሱን በሌላ ቀን ቀርጸን እንገጥመዋለን፤ ፊልም እንዲህ ነው የሚሠራው» አለ ናኦልና፣ የመብራት እንጨት አምጥቶ የሌዊን ነጭ ባርኔጣ ደፋበት። «ይኸው፣ ይቺ ሌዊ ናት።»

መዘምራኑ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ካሜራው ሲነሣ ባርኔጣውን አወለቀ። «እስቲ ቁጭ በል፣ ወንድሜ» አለው እንጨቱን። ከነጩ ባርኔጣ በታች ፊት የለም፤ ሜዳው ብቻ ይታያል። ባዶው ቦታ ላይ ምን እንደታየው እንጃ፤ ለልዕልት በኋላ እንደነገራት ከሆነ፣ ቀይ መብራት ላይ የቆመ፣ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ ወጣት ነው። ለዚያ ወጣት እናቱ መሞቷን በሥርዓት የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ ነገረው። እንደታመመች፣ እንዳልተሠቃየች፣ ስሙን እንደጠራች፣ በደንብ እንደተቀበረች ነገረው። እንባው በጉንጩ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ገባ። ናኦል ቀረጻውን ሊያቆም «ከት» ያለው በሹክሹክታ ነው። ኩል የምትቀባው ልጅ ኤዶም እንባውን ልትጠርግለት መጥታ የራሷን ጠረገች።

በዚያ ምሽት ተራራውን ተሻግሮ ሲመለስ ደረቱ ላይ የኖረችው ጉርሻ የለችም። «እማዬን ዛሬ ቀበርኳት» አለ ለልዕልት።

ፊልሙ የተመረቀው በገና ማግስት፣ ሬንተን ውስጥ በተከራዩት ሲኒማ ቤት ነው። ወረፋው መኪና ማቆሚያውን ዞሮ መንገድ ደርሷል። የሀበሻ ቀሚስ ላይ የካውቦይ ባርኔጣ የደፉ አሉ። ሌዊ በር ላይ ቆሞ ከሁሉም ጋር ሰልፊ ይነሣል። ዘመድኩን ሱፉን ለብሶ ከልዕልት ጋር ፊት ተቀመጠ። ከኋላው ውባንቺ አለች። ውባንቺ ቤቷ ውስጥ የሰው ሕፃናት የምትጠብቅ፣ ሳቋ ከሦስት ቤት በላይ የሚሰማ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ወጥ አማስላ ሰው የምታጽናና ሴት ናት። «ጋሼ፣ ዛሬ ልታስለቅሰን ነው አሉ፤ እኔ ሶፍት ይዤ መጥቻለሁ» አለችው ትከሻውን ነካ አድርጋ።

ሸሪፉ ጎረረ፣ ከፈረስ ወደቀ፣ በገዛ ሽጉጡ ደነገጠ፤ አዳራሹ ፈረሰ። ዘመድኩንም ሳቀ። ከዚያ በአቧራው ውስጥ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ብቅ አለ። «እስቲ ቁጭ በል፣ ወንድሜ።»

ሌዊ ቅንድቡን ሰቀለና በመስኮት ዘለለ።

ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። ጥቁሩ ሰው እያነባ ይናገራል፤ ሸሪፉ በርሜል ውስጥ ይገባል። ጥቁሩ ሰው «ስምህን ጠርታ ነው ያረፈችው» ይላል፤ ሸሪፉ ከበርሜሉ እጁን አውጥቶ ጆሮውን ይደፍናል። በመጨረሻ ከተማው ሁሉ ሸሽቶ አለቀና፣ ጥቁሩ ሰው ባዶ መንገድ ላይ ብቻውን ቆሞ ሲያለቅስ፣ «እስቲ ቁጭ በል» የምትለዋን ድምፁን ደገሟት። ቡላው ፈረስ ቁጭ አለ።

ሰው ከወንበር ወደቀ። እውነት ወደቀ። ውባንቺ ትንፋሽ አጥሯት የዘመድኩንን ትከሻ በጥፊ ትመታለች፤ «ጋሼ፣ ገደልከኝ! ኧረ ገደልከኝ!» ልዕልት ዞር ብላ የባሏን ፊት አየች። እጁን ያዘችው።

ሲያልቅ ሌዊ መጥቶ አቀፈው።

«ሌዊ፣ ሰዉ ያለቅሳል ብለኸኝ አልነበረም?»

«ጋሼ፣ እንዳለ ገጥመነው ነበር እኮ» አለ ሌዊ ዝቅ ብሎ። «ለጥቂት ሰው አሳየነው፤ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ግን የፈለግኩትን ብቀልድ አልሳቅ አሉኝ። ሳቅ የሌለበት ፊልም ላይ ሌዊን ማን ይፈልገዋል?» ደግሞ ወዲያው ቅንድቡ ተሰቀለ፤ «ይስሟቸው! ስምዎትን ነው የሚጠሩት!»

እውነትም ይጠሩታል። ፊልሙ ዳላስ ሄደ፣ ዲሲ ሄደ፤ የፈረሱ ነገር ቲክቶክ ላይ ከሌዊም በለጠ። የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ አንድ ገምጋሚ ታሪኩ ውሃ አይቋጥርም ብሎ አብጠለጠለና፣ «ያ ሽማግሌ ግን፣ ፊቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያፈካ የሚያስቅ፣ የተወለደ ኮሜዲያን ነው» አለ። ኤርፖርት ላይ ታክሲ ነጂዎቹ ሲያዩት ወገባቸውን ይዘው ቁጭ ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሕፃናት ጥቁር ነጠላ ተከናንበው «እስቲ ቁጭ በል!» ይባባላሉ። አንዷ እናት ልጇን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ በልላት፤ ፕሊስ» ብላ ስልኳን ደቀነችበት። አለላት። ምን ያድርግ?

የካቲት ላይ የውባንቺ ወንድም ደብረ ብርሃን ላይ በድንገት አረፈ። ታናሿ ነው፤ እሷ ናት ያሳደገችው። ሀይለየሱስ ደወለ።

«ሌላ ሰው ይናገር» አለ ዘመድኩን።

«ከአንተ ሌላ ማን አለን?»

«ፊቴ የት እንደደረሰ እያየህ አይደል? እኔ አሁን መጫወቻ ነኝ።»

«ተው እንጂ። ፊልም ፊልም ነው፣ ሞት ሞት ነው። ሰው ይህን ያጣዋል?»

ሄደ። ባርኔጣውን መኪና ውስጥ ተወው፤ ዝናቡ ራሱን መታው። የሕፃናቱ ወላጆች ያን ቀን ልጆቻቸውን እንዳያመጡ አስነግሯል። ምን ብሎ እንደሚጀምርም በመንገዱ ሁሉ ሲያስብ ነበር፤ ያቺን ቃል አልላትም፣ «ደኅና አደርሽ» ብዬ እጇን ይዤ እገባለሁ ብሎ ቆርጧል።

ውባንቺ በሩን ከፈተች። እሱን ከፊት አየችው፤ ከኋላው ሀይለየሱስን፣ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ወጣት። አንድ አፍታ ፊቷ ገረጣ። ያቺን አፍታ ዘመድኩን እስከ ዛሬ ይይዛታል፤ አውቃ ነበር ይላል፣ ልቧ አውቆ ነበር። ከዚያ ግን ዓይኗ እሱ ላይ ሲያርፍ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ጉንጯ ተነፋ፣ ሳቋ ፈነዳ።

«ወይኔ ጉዴ! ዛሬ ደግሞ በእኔ መጣችሁ! ቆይ፣ ስልኬን ላምጣ፣ ኧረ ቆይ!»

«ውባንቺ፣ እህቴ...»

«አውቄብሃለሁ! ይኸው! ይኸው ቁጭ አልኩ!» ብላ እጆቿን እንደ ፈረሱ የፊት እግር ደረቷ ላይ አጥፋ፣ ደጃፏ ላይ፣ እርጥቡ ምንጣፍ ላይ ዝርፍጥ አለች። ከኋላ ያለው ወጣት ሳያስበው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው አፉን በእጁ አፈነ።

ዘመድኩን እንባው ወረደ። ውባንቺ እንባውን አየችና ይብስ ሳቀች፤ እንባውም ፊልሙ ላይ ነበረዋ። «አልቅስልኝ! እንዴት ይችልበታል በናታችሁ! ማን ሞተ በል? ማን ሞተ?»

«ወንድምሽ ነው ውባንቺ» አለ ሀይለየሱስ ከኋላ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «እውነት ነው። ወንድምሽ ሞቷል።»

ሳቁ ወዲያው አልቆመም። የሚሄድ መኪና ፍሬን ሲያዝ እንደሚንሸራተት ተንሸራተተ፤ ሳቋ የት እንዳለቀ፣ ጩኸቷ የት እንደጀመረ የለየ ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ውስጥ ከበር አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ውባንቺ አስጠራችው። ድምፅ አልቀረላትም።

«ጋሼ፣ ባንተ አልፈርድም» አለችው። «ግን እኔ ያንን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ አሳድጌ፣ ሞቱን እየሳቅሁ ሰማሁ። ይህን ከውስጤ ማን ያወጣልኛል?»

ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ነካና ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ ማለዳ አይጮህም። ሀይለየሱስ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይዞት፣ «ለጊዜው ልጆቹ ይሞክሩት ብለን ነው፤ ቅር እንዳይልህ» አለው። «ደግ አደረጋችሁ» አለ። ሌዊ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደወለ።

«ጋሼ፣ ክፍል ሁለት! ሰዉ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ነው የሚጠይቀው!»

ዘመድኩን የሆነውን ሁሉ ሊነግረው አሰበ። ስለ ውባንቺ፣ ስለዚያ እርጥብ ምንጣፍ። ከባድ ነገር ሲጀምር ሌላ መግቢያ አያውቅም፤ ዕድሜ ልኩን ያወጣችው ያቺው ቃል ናት። «ሌዊ፣ እስቲ ቁጭ በል» አለው።

ሌዊ ስልኩ እስኪያስተጋባ ሳቀ። «ይገድሉኛል እርስዎ! ይገድሉኛል!» እያለ ሳለ ዘመድኩን ስልኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ግንቦት ላይ አንድ ማለዳ፣ ዋይት ሴንተር ካለው አፓርትማቸው በታች መኪኖች ተከታትለው ፓርክ ሲያደርጉ ሰማ። ሞተር ጠፋ፤ በር ሲዘጋ ቀስ ተብሎ፣ በእጅ ተደግፎ ነው። ይህን ድምፅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በመስኮት አየ፤ ሀይለየሱስ ከፊት፣ ከኋላው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች።

«ልዕልት» አለ። «ወደ እኔ እየመጡ ነው።»

አዲስ አበባ የቀረችው አንዲት እህቱ ናት፤ ገንዘብ ትባላለች። ምድጃውን አጠፋ። ወንበር ስቦ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ቁጭ አለና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ልዕልት ከኋላው ቆማ ትከሻውን ያዘች። የመጡት ሰዎች ደረጃውን ወጡ፣ በራቸው ጋ ደረሱ፣ አለፉ። ወደ ላይ ቀጠሉ።

«ሃኒ ጋ ነው» አለች ልዕልት።

ሃኒ ከላያቸው ብቻዋን የምትኖር፣ ታኮማ ሆስፒታል ሌሊት የምትሠራ ልጅ ናት። ከፊልሙ በፊትም በኋላም ደረጃው ላይ ስታገኘው «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ብላ ዝቅ የምትል። አባቷ መታመሙን ያውቃል። ዘመድኩን ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «አሁን ነው ከሥራ የገባችው» አለ። «ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ትተኛ፤ እህል ትቅመስ፤ ምን አስቸኮላቸው?»

ከላይ በር ተንኳኳ፣ ተከፈተ። የወጣት ወንድ ድምፅ ተሰማ፤ ፈጣን፣ የፈራ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ። ዘመድኩን ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ቁጭ በይ በሏት፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ በሏት።

ጩኸቱ መጣ፣ ከጩኸቱ ጋር አንድ ከባድ ነገር ጣሪያቸው ላይ ወደቀ። መብራቱ ተወዛወዘ።

ተነሣ። ባርኔጣውን ከሚስማሩ አንሥቶ በሩ ድረስ ሄደ። እጁ መቆለፊያው ላይ ቀረ። ከላይ ሴቶቹ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላሉ፤ ልጅቷ ወለሉን በእጇ ትመታለች፤ የሚመታው በእነሱ ራስ ላይ ነው።

«ሂድ እንጂ» አለች ልዕልት። «ሂድ፣ አንተ ታውቅበታለህ።»

«ካየችኝ በኋላ ብትስቅስ?» አላት።

ተመልሶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ። ከላይ ወለሉ መመታቱን እስኪያቆም ድረስ እንደዚያው ተቀምጦ አዳመጠ።